ደላላው «ካርታው ክሊር ነው» ሲላችሁ፦ የአዲስ አበባን የቤት ገበያ ቃላት እየፈቱ መግዛትና መሸጥ

«ነባር ካርታ ነው አለኝ፤ ጥሩ ነው?» «የተጣራ 12 ሚሊዮን ማለት ምንድን ነው?» «ቀብድ ልስጥ ወይስ ልቆይ?» ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ደግሜ ደጋግሜ ከምመልስ አንድ ቦታ ልጻፈው አልኩ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ደላላ የሚናገረው ቃል ወይ በሜትር ይለካል፣ ወይ በወረቀት ይረጋገጣል፣ ወይ ወሬ ነው። የእናንተ ሥራ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ነው። ለምትሸጡም ያው ነው፤ ገዢው ምን እንደሚጠይቃችሁ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ማስታወሻ ደብተር። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ደላላው ያለውን በራሱ ቃል ጻፉት።
- ሜትር። ባለ 5 ሜትሩ ለክፍል ይበቃል፤ ለግቢ ረጅሙን ተዋሱ።
- ካልኩሌተር።
- የካርታው ኮፒ፣ ፕላኑ ካለም የፕላኑ ኮፒ።
- የሊዝ (ለመንግሥት የሚከፈል የቦታ ኪራይ) ወይም የባንክ ክፍያ ደረሰኞች፣ የመጨረሻው ወር የውሃና የመብራት ቢል።
- የሻጩ መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ።
- ከደላላው ጋር የማይተዋወቅ ጠበቃ። ደላላው «የእኛ ጠበቃ አለ» ካላችሁ አመስግናችሁ የራሳችሁን ያዙ።

1. ማስታወቂያውን በታትኑት

እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አያችሁ እንበል፦ «አያት፣ 175 ካሬ፣ ጂ+1፣ 4 መኝታ፣ ሰርቪስ ያለው፣ ከአስፋልት ገባ ብሎ፣ ካርታው ክሊር፣ ልማት የማይነካው፣ ለአስቸኳይ ሽያጭ፣ ድርድር አለው።»

በሦስት ክፈሉት። የሚለካው፦ 175 ካሬ፣ 4 መኝታ፣ ሰርቪስ፣ «ገባ ብሎ»። በወረቀት የሚረጋገጠው፦ ካርታው ክሊር፣ ልማት የማይነካው፣ ጂ+1 (በተፈቀደው ፕላን ላይ አለ ወይስ በኋላ የተቀጠለ?)። ወሬው፦ ለአስቸኳይ ሽያጭ።

ይህን መጀመሪያ የምታደርጉት ጊዜያችሁን ለማትረፍ ነው። ሄዳችሁ ከማየታችሁ በፊት በስልክ «ካርታው በማን ስም ነው? ነባር ነው ሊዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኑና ቤቱን እዩት፣ ስለ ካርታው በኋላ እናወራለን» ከተባለ እኔ ብሆን አልሄድም። «ገባ ብሎ» ደግሞ ከሃምሳ ሜትር አንስቶ ባጃጅ እስከ መሳፈር የሚለጠጥ ቃል ነው። ሎኬሽን ይላኩላችሁ።

2. «ካሬ» የምን ካሬ እንደሆነ ጠይቁ

ሁሉም ሰው «ካሬ» ይላል፤ የሚለካው ነገር ግን ይለያያል። ግቢ ላለው ቤት ካሬ ማለት የቦታው ስፋት ነው። 175 ካሬ ቦታ ላይ ያረፈው ቤት 90 ካሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለአፓርታማ ግን ካሬ የቤቱ ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አንዳንዱ ሻጭ ኮሪደሩን፣ ደረጃውንና የሊፍቱን ድርሻ ሁሉ ደምሮ ይነግራችኋል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የተጣራ የቤቱ ውስጥ ስፋት ስንት ነው?» ለምሳሌ 120 ካሬ አፓርታማ፣ ካሬው በ100,000 ብር ተባለ። ዋጋው 12 ሚሊዮን ነው። ከ120ው ውስጥ 24ቱ የጋራ መጠቀሚያ ከሆነ፣ እናንተ የምትኖሩበት 96 ነው። 12 ሚሊዮንን ለ96 ስታካፍሉት አንዱ ካሬ 125,000 ብር መጣ። ሁለት ቤቶችን ስታወዳድሩ ሁለቱንም በተጣራው አስሏቸው፤ አለዚያ ርካሽ የመሰላችሁ ቤት ውዱ ይሆናል።

በሜትር ለኩ። ሻጭ ፊት ሜትር ማውጣት የሚያሳፍረው ሰው አለ። አትፈሩ።

3. የቤቱን ዓይነትና ደረጃ የሚገልጹትን ቃላት ፍቱ

ጂ+1 ማለት ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ነው። ምድሩ አይቆጠርም። ስለዚህ በጂ+4 ኮንዶሚኒየም «4ኛ ፎቅ» የመጨረሻው ጣሪያ ሥር ያለው ነው። ብዙዎቹ የ20/80 ሕንፃዎች (ቁጥሩን ቁጥር 4 ላይ እንፈታዋለን) ጂ+4 እና ሊፍት አልባ ናቸው። ውሃ እስከ ላይ መድረሱን የምታረጋግጡት እዚያው ወጥታችሁ ቧንቧ ከፍታችሁ ነው።

ሰርቪስ ከዋናው ቤት ጀርባ ወይም ጎን የተሠራ ክፍል ነው። የሚከራይ ስለሆነ ደላላ ዋጋው ላይ ይቆጥረዋል። ተከራይ አለበት? ካለ መቼ ይወጣል? ቤቱ «ባዶ» የሚባለው ሰርቪሱም ባዶ ሲሆን ነው።

ጅምር ቤት ያላለቀ ነው። «ስትራክቸሩ ያለቀ» ከተባለ ዓምዱና ሶሌታው ቆሟል ማለት ነው፤ ሴሚ ፊኒሽድ ከተባለ ግድግዳው አለ፣ ማጠናቀቂያው የለም። ችግሩ ሴሚ ፊኒሽድ የሚባለው የት ላይ እንደሚቆም ሁሉም የራሱ ልክ አለው። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ፦ ልስን አለ? የመብራትና የውሃ መስመር ተዘርግቷል? መስኮት ገብቷል? ሴራሚክስ? በርስ? የተባለውን አንድ በአንድ ጻፉትና ውሉ ውስጥ ይግባ። «ሴሚ ፊኒሽድ» ብቻ ብሎ የሚቀር ውል በኋላ ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል።

«ፈርሶ የሚሠራ» ከተባለ የምትከፍሉት ለቦታው አቀማመጥ ነው፤ ቤቱ ዋጋ የለውም።

«ውሃና መብራት ያለው» ሲባል «የራሱ ቆጣሪ ነው?» በሉ። ቢሉን ተቀበሉና ስሙንና የቆጣሪ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ከጎረቤት የተቀጠለ መብራት «ያለው» ይባላል፤ እናንተ ስትገቡ ግን ሊቆረጥ ይችላል።

4. ካርታውን አጣሩ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። የምትገዙት ቤቱን ነው፤ የመሬት የመጠቀም መብቱ አብሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ያ መብት ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ ምን እንደገዛችሁ አታውቁም።

ነባር ካርታ፦ ቦታው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት የተያዘ ነው። ደላላ «ነባር ነው፣ የሊዝ ክፍያ የለበትም» ይላል። ለአሁኑ ባለቤት እውነት ነው። ግን አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከውርስ ውጪ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ከመግዛታችሁ በፊት ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ «በእኔ ስም ሲዞር ምን ያህል የሊዝ ክፍያ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሊዝ ካርታ፦ ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ሦስት ነገር እዩ። ስንት ዓመት አለፈው? ቀሪ የሊዝ ዕዳው ስንት ነው? የዚህ ዓመት ክፍያ ተከፍሏል? ዕዳው ከቦታው ጋር ይሄዳልና «ሻጩ ይከፍላል» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ደረሰኙን እዩ። ቦታው ባዶ ወይም ጅምር ከሆነ ውሉ ላይ የግንባታ ማጠናቀቂያ ቀነ ገደብ አለ። ግንባታ ያልተጋመሰበትን የሊዝ መብት ማስተላለፍም ገደብ አለበት፤ ደላላ ይህን ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የማህበር ካርታ፦ ቦታው ለቤት ሥራ ማህበር የተሰጠ ነው። ካርታው ለየግለሰቡ ተከፋፍሏል ወይስ ገና በማህበሩ ስም ነው? ገና በማህበሩ ስም ከሆነ የምትገዙት ቤት ሳይሆን የአባልነት ተስፋ ነው።

ኮንዶሚኒየም፦ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ባለዕጣው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው ከባንክ የሚበደረው መቶኛ ነው። ብድሩ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። የ20/80 ቤት ከተላለፈ በኋላ ለአምስት ዓመት አይሸጥም። «አምስት ዓመቱ አልሞላም፤ ግን ውክልና እንሰጣችኋለን፣ በብድር ውል እናስረዋለን» የሚል ዘዴ ይቀርብላችኋል። ውድቅ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ገዢ አይደላችሁም፤ ባለዕጣው ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢቀይር የያዛችሁት ቤት አይደለም።

«ካርታ በሂደት ላይ ነው»፣ «ፋይል አለው»፣ «ሰነድ አልባ ነው ግን ሊስተካከል ነው»፦ ሦስቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ካርታ የለም።

«ክሊር» ማለት ደግሞ ከዕዳና ከእግድ ነፃ ማለት መሆን አለበት። ደላላ ግን አንዳንዴ ካርታ መኖሩን ብቻ ክሊር ይለዋል። ባንክ በመያዣነት የያዘው፣ ፍርድ ቤት ያገደው ቤትም እኮ ካርታ አለው። ማረጋገጫው ከደላላው ስልክ የሚላክ ፎቶ አይደለም። ሻጩን ይዛችሁ ይዞታውን ወደሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ማህደሩ ላይ ዕዳም እግድም አለመኖሩን ከዚያው ስሙ። የካርታ ቁጥሩን፣ ስሙንና ስፋቱን ከያዛችሁት ኮፒ ጋር አስተያዩ።

ቤቱ ባንክ ውስጥ ካለ ነገሩ አለቀለት ማለት አይደለም። ብዙ ቤት እንዲህ ይሸጣል። ክፍያውን ለሻጩ ሳይሆን በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) በቀጥታ ለባንኩ ታደርጋላችሁ፤ ባንኩ ዕዳው መዘጋቱን ገልጾ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ቅደም ተከተሉን ከባንኩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጨርሱ።

«ልማት የማይነካው» የሚለው ቃል ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ በየማስታወቂያው አለ። ይህን ሊያረጋግጥ የሚችለው የፕላን መረጃ ነው። ክፍለ ከተማ ተጠይቆ ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ መንገድ ያርፍበት እንደሆነ ይታያል።

5. ሻጩ መሸጥ ይችላል?

ካርታው ላይ ያለው ስምና ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው አንድ ናቸው? ካልሆኑ ከሁለት አንዱ ነው።

ውክልና ከሆነ፣ ዋናውን ወረቀት እዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና አያሸጥም፤ «እንዲሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቋረጣል፤ በሕይወት መኖሩን በቪዲዮ ደውላችሁ አነጋግሩት። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ በኤምባሲ የሰጠው ውክልና ከሆነ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጡንና በውልና ማስረጃ መመዝገቡን አረጋግጡ።

ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ፤ የሁሉም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል። «ወንድሜ ካናዳ ነው፣ እሱ ችግር የለበትም» የሚባለው ወንድም ነው በኋላ ክስ የሚያመጣው።

ባለትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርማሉ። በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት አንዱ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መሆኑ ንብረቱን የግል አያደርገውም።

ውጭ ለምትኖሩ፦ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለው ቤት በስሙ መያዝ ይችላል። «በዘመድ ስም ግዙት፣ ይቀላል» የሚል ምክር ስትሰሙ ካርዱን አውጡ።

6. የዋጋውን ቃላት ፍቱ

«የተጣራ 12 ሚሊዮን» ማለት ሻጩ 12 ሚሊዮን በእጁ እንዲገባለት ይፈልጋል፤ ሌላው ወጪ ሁሉ በእናንተ ላይ ነው። ኮሚሽን በልማድ ከየወገኑ 2 በመቶ ይጠየቃል። የሁለቱም ወገን በእናንተ ላይ ከወደቀ 480,000 ብር ተጨመረ። የቴምብር ቀረጡ፣ የስም ማዛወሪያው፣ ሻጩ ላይ የሚመጣው የካፒታል ዋጋ ዕድገት ታክስ ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ «የተጣራ» ስትሰሙ እያንዳንዱን ክፍያ በስሙ ጥሩና «ይህን ማን ይከፍላል?» በሉ። መልሱን ጻፉት።

«ድርድር አለው» ከተባለ የተጠራው ዋጋ ላይ አየር አለበት። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ግን ከደላላው አፍ ሲወጣ ብዙም ክብደት የለውም፤ ከሻጩ ስሙት። ከሻጩ ጋር እስክትገናኙ ድረስ መሃል ላይ ስንት ደላላ እንደተሰለፈና በላዩ ላይ ስንት እንደተጫነ አታውቁም።

«ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ይመጣል፤ አይቀርም። ታክስ ለመቀነስ ነው። ከሕጉ ጋር ከመጋጨቱም ሌላ የሚጎዳው ገዢውን ነው። ውሉ ቢፈርስ ወይም ቤቱን ሌላ ባለመብት ቢወስደው መልሳችሁ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው። 12 ከፍላችሁ 4 ተጽፎ ከሆነ የ8 ሚሊዮኑ ማስረጃ የት አለ?

7. ቀብድ

«ሌላ ገዢ ቀብድ ሊሰጥ ነው» ሲባል ልብ ይመታል። ረጋ በሉ። እስከ ቁጥር 5 ያለውን ሳትጨርሱ ቀብድ አይሰጥም።

ቀብድና ቅድመ ክፍያ አንድ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 200,000 ብር ሰጥታችሁ ሻጩ ሐሳቡን ከቀየረ 400,000 ይመልሳል ማለት ነው። ቅድመ ክፍያ ግን የዋጋው አካል ስለሆነ ውሉ ሲቀር ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ የትኛው ቃል እንደተጻፈ አንብቡ።

የቀብድ ወረቀቱ ቢያንስ ይህን ይበል፦ «በካርታ ቁጥር ... ለተመዘገበው ቤት፣ ከጠቅላላ ዋጋ ብር ... ላይ የሚታሰብ ብር ... በቀብድነት በሻጭ የባንክ ሒሳብ ገብቷል። እስከ ... ቀን ድረስ ውሉ በውልና ማስረጃ ይፈረማል። በቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘ ሻጭ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት፤ ያለ እሷ ችግር አግኝታችሁ ብትተዉ «ገዢው ነው የተወው» ሊባል ይችላል።

ቀብዱ አነስተኛ ይሁን። ዋናው ውል ሳይመዘገብ ቀብድ ላይ የሚነሳ ክርክር ጠመዝማዛ ነው።

⚠ ቀብድ ወደ ደላላው ሒሳብ አይገባም። «ለሻጩ እኔ አደርሳለሁ» ቢልም።

8. ውልና ማስረጃ፣ ስም ዝውውር፣ ርክክብ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት። ሠፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመ የመንደር ውል ይህን አይተካም። ክፍያውን በሲፒኦ አዘጋጁ፤ ሲፒኦውን የምትሰጡት ፊርማው ሲያልቅ ነው።

ፊርማ ግን ፍጻሜ አይደለም። በአንቀጽ 2878 መሠረት ሽያጩ በመዝገብ እስካልገባ ድረስ በሌሎች ሰዎች ላይ ውጤት የለውም። የሻጩ አበዳሪ በመሃል ቢያሳግደው የምትሟገቱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በማግሥቱ ስም ዝውውሩን ጀምሩ። ከዋጋው የተወሰነው ካርታው በስማችሁ እስኪዞርና ቁልፍ እስክትረከቡ እንዲቆይ ውሉ ላይ አስገቡ። በርክክብ ቀን የቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንሱ፤ ያለፈው ቢል የሻጩ ነው።

ለምትሸጡ ሰዎች

የካርታውን ኮፒ ለደላላ ስትሰጡ በላዩ ላይ «ለማሳያ ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። ዋናው ከቤት አይወጣም። ለአምስት ደላላ በአምስት ዋጋ አትንገሩ፤ ገዢው አንዱን ቤት በሦስት ማስታወቂያ ሲያየው ጉድለት አለበት ብሎ ይጠረጥራል። ኮሚሽኑ መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ተስማሙ። እኔ የምመክረው ውል ሲፈረም እንጂ ገዢ ሲመጣ አይደለም።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

- ቤቱን ወድዶ ከዚያ ስለ ካርታው መጠየቅ። ከወደዳችሁት በኋላ እያንዳንዱን ችግር ራሳችሁ ታቃልሉታላችሁ።
- በስልክ የተላከ የካርታ ፎቶ አይቶ ቀብድ መስጠት።
- የሚስት ወይም የባል ፊርማ «በኋላ ይመጣል» ብሎ መቀጠል።
- የቦታውን ካሬና የቤቱን ካሬ ቀላቅሎ ዋጋ ማወዳደር።
- አፓርታማ ሲገዙ ወርሃዊ የጋራ መዋጮውን አለመጠየቅ። ጄኔሬተር፣ ሊፍትና ጥበቃ በየወሩ ክፍያ አላቸው፤ የቀድሞው ባለቤት ያልከፈለው ካለ አስተዳደሩ የሚጠይቀው አዲሱን ነዋሪ ነው።
- ፓርኪንግ «አለው» ሲባል ማመን። ቁጥሩ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ፓርኪንጉ የቀደመ ሁሉ ነው።